ጠበልና ክኒን

ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍልሰታ ገባ። ጎረቤታችን እትዬ (ስማቸውን አልጽፍም) በሶና ቆሏቸውን ቋጥረው ገና ሳይነጋ ለሱባኤ እንጦጦ ማርያም ወጡ። ሻንጣቸውን ይዤ እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። “መድኃኒትዎን ይዘዋል?” አልኳቸው። “እሱንማ እንዴት እረሳለሁ ልጄ! እሱም የእመቤቴ ስጦታ ነው” አሉኝ።

ነሐሴ 4

የእትዬ ባለቤት ያረፉት ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሳይጀምር ነው። በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያለው ይገዛ ነበር፤ የሌለው ጠበል ይወጣል። በዚያ ዘመን የእድር ጥሩምባ ሳይነፋ የሚነጋበት ቀን ጥቂት ነበር።

የእንጦጦ ጠበል ለእነዚያ ሰዎች ምን እንደነበረ ያላየ ሰው ቢፈርድ አይገርመኝም። ቤተሰቡ የሚጠጣበትን ብርጭቆ የለየበት ሰው፣ አከራዩ ያስወጣችው ሰው፣ እዚያ ሲደርስ እንደ እርሱ የታመመ አገኘ። አንዱ ለአንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አቅም ያጣውን ደግፎ ያስጠምቃል። ያ ፍቅር ብዙዎችን መድኃኒቱ እስኪደርስ አቆይቷል ብዬ አምናለሁ።

መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ፤ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው የሚሉ ተነሡ። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መናገራቸው ትልቅ ሥራ ነበር። ስንት ሰው እንደተረፈበት እግዚአብሔር ያውቃል።

ነሐሴ 9

እትዬን ልጠይቅ ወጣሁ። ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ አልተነሣም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እርሳቸው ግን ፊታቸው በርቷል።

ያሳሰበኝ የክኒኑ ሰዓት ነበር። ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ውኃም አይቀመስም። እትዬ ለካ ሁሉን አስቀድመው ጨርሰዋል። የንስሐ አባታቸው “ሕመምተኛ በጾም አይገደድም” ብለዋቸዋል፤ እርሳቸው ግን መጾሙን ወደዱ። ጤና ጣቢያ ሄደው ነርሷን ሲያማክሩ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ስለሆነ ወደ ማታ ማዞር እንደሚቻል፣ ዋናው ሰዓቱን አለማዛባት እንደሆነ ነገረቻቸው። አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልካቸው ይጮሃል። “ከወዲያ ጥግም የሌላ ሰው ስልክ ይጮሃል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም” አሉኝ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ መጡ፤ ሙልሙል ሰጠናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ዘንድሮ አባት የለውም። አባቱን አንድ አጥማቂ “ተፈውሰሃል፣ ጣለው” ብሎ መድኃኒቱን አስጣለው። ክኒኑ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ የሰውነት መከላከያ ይደክማል፤ ቀድሞ ቀላል የነበረ ሕመም ይጥላል። ጥር ላይ ቀበርነው። ለዚህ ሰው ሞት ተጠያቂው ጠበሉ አይደለም። እግዚአብሔር ያላለውን በእግዚአብሔር ስም የተናገረው ሰው ነው፤ ይህን ለማለት አልፈራም።

ነሐሴ 16

እትዬ ተመለሱ። በጀሪካን ጠበል፣ በወረቀት እምነት ይዘውልን መጡ። የሚቀጥለው ሳምንት የሐኪም ቀጠሯቸው ነው።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ፤ ልጆቹ በደስታ እየጮሁ ተጠመቁበት። እኔ የጦቢትን ታሪክ ሳስብ ዋልኩ። መልአኩ ጦቢትን በቃሉ ብቻ ማዳን ሲችል፣ ልጁ ጦብያ ዓሣ እንዲይዝና ሐሞቱን የአባቱን ዓይን እንዲኩልበት ነው ያዘዘው። የፈውስ መልአክ የምንለው ራሱ መድኃኒት ካዘዘ፣ እኛ ማን ሆነን ነው ሕመምተኛን ከሁለት አንዱን ምረጥ የምንለው?

ጠበል የምትወጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ውጡ፤ ተጠመቁ፣ ጸልዩ። መድኃኒታችሁን ግን ከሻንጣችሁ አታጉድሉ፤ ጣሉት የሚላችሁ ቢመጣ ለንስሐ አባታችሁም ለሐኪማችሁም ሳትነግሩ እሺ አትበሉ።