ቤት ሠራችሁ ወይ?

ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ወደ አገር ቤት ሲደውል የሚቀርቡለት ጥያቄዎች ቅደም ተከተላቸው የታወቀ ነው። አንደኛ፦ «ደህና ናችሁ?» ሁለተኛ፦ «ብርዱ እንዴት ነው?» ሦስተኛ፦ «ቤት ሠራችሁ ወይ?» ለአሥራ አንድ ዓመት አንደኛውንና ሁለተኛውን በትጋት ስንመልስ ኖረናል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ኔትወርክ ይበላሻል። (ኔትወርክ አንዳንዴ እኛንም ይጠቅመናል።)

እንግዲህ እናንተዬ፣ ዛሬ በይፋ እንናገር፤ ቤት ሠርተናል! ስፋቱ 6.7 ካሬ ሜትር ነው። ካርታ የለውም፤ ሰሌዳ ግን አለው። ጎማም አለው።

ነገሩን ከሥሩ እናውጋችሁ። እኛ ወንድምና እህት ነን። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን። አንዳችን በመኪናው ሰው ያመላልሳል፤ አንዳችን ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ትሠራለች። ለእማዬ ቤት እንግዛ ብለን ዕቁቡንም ባንኩንም ሞክረናል። እኛ አንድ እርምጃ ስንሄድ ዋጋው ሦስት እየሄደ ጥሎን ነጎደ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ተወልደን ያደግንበት የፒያሳው የቀበሌ ቤት ከነሰፈሩ ፈረሰ። እማዬ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች። ቤቱ ደህና ነው፤ ሽንት ቤቱም የግሏ ነው። አርባ ዓመት ቡና ያጣጧት ጎረቤቶቿ ግን አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ተበትነዋል።

ቪዛዋ ቀድሞ ተመትቶላት ስለነበር በሰኔ ወደኛ መጣች። ደስታችን ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሥራ ስንሄድ እዚያ ናት፤ ስንመለስም እዚያው ናት። «ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ፎቅ ነው እኮ ያመጣችሁኝ» አለችን አንድ ማታ፣ እንደ ቀልድ። እንደ ቀልድ አልሰማነውም።

«አገሩን እናሳያት» ተባባልን። ግን እንዴት? እማዬ የውጭ ምግብ አትበላም፤ የጾም ቀን ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ሆቴል ክፍል ውስጥ ቡና ቁሉና የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ እዩት። ድንኳን እንዳንል ጉልበቷ ከመሬት አያስነሳትም። አልጋና ማብሰያ ያለው ተጎታች ቤት፣ እዚህ ካምፐር የሚሉትን፣ ዋጋ ጠየቅን። ሻጩን አመስግነን ወጣን።

ማናሳስ የሚኖር የከባድ መኪና ሾፌር ወዳጅ አለን። «የዕቃ ተሳቢ ገዝታችሁ ራሳችሁ ለምን አትሠሩትም? ጓሮዬ ሰፊ ነው» አለን። ብዙ አሜሪካውያን የሚያደርጉት ነገር ነው። ዕቃ መጫኛ የነበረች፣ ባዶ፣ ነጭ ሳጥን ገዝተው ውስጧን ቤት ያደርጓታል። የኛን የሣር ማጨጃ ሲጭንባት ከነበረ ሰውዬ በ2,400 ዶላር ገዛን። ወርዷ 6 ጫማ፣ ርዝመቷ 12 ጫማ ነው፤ በኛ ሲለካ 1.8 በ3.7 ሜትር መሆኑ ነው። ስንከፍታት የሣርና የቤንዚን ሽታ ተቀበለን።

ያን ዕለት አጎታችን ከአዲስ አበባ ደወለ። «ለእናታችሁ ቤት ባጠራቀማችሁት ገንዘብ ቆርቆሮ ገዛችሁበት አሉ?» አለን። መልስ አልነበረንም፤ እውነቱን ነው። ገንዘቡ የወጣው ከዚያው ደብተር ነው። ኔትወርኩ እንደገና ተበላሸ።

በእሑድ እሑድ ሥራ ጀመርን። እንደኛ የሚያምራችሁ ካላችሁ የተማርነውን እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ክብደት። ተሳቢዋ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ መሠረት ራሷን ጨምሮ ከ2,990 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1,356 ኪሎ ማለፍ የለባትም። ቁጥሩ ለምን እንዲህ እንደሚያስጠላ ቆይቶ ነው የገባን። በብዙ ግዛቶች 3,000 ፓውንድ የደረሰ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ፋብሪካው አሥር ፓውንድ ቀደም ብሎ ያቆማል፤ ከፍሬኑ ወጪ ይድናል። ስለዚህ የኛዋ ፍሬን የላትም፤ እኛም ከተፈቀደው ብዙ ዝቅ ብለን ለመጫን ወሰንን። ደግሞ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ከፊት፣ መኪናው በሚጎትታት ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢዋ ፍጥነት ስትይዝ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች፤ መኪናውንም ይዛ ልትገለበጥ ትችላለች። ባትሪውንና የውኃ ጀሪካኖቹን ከጎማው ፊት ያደረግነው ለዚህ ነው። እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ ሽንኩርት ስታስገባ እንኳ «ከፊት ነው ከኋላ?» ትለን ነበር።

ቀጥሎ መብራት። ጣሪያዋ ላይ ባለ 200 ዋት ሶላር አድርገን ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ገዛን። በ12 ቮልት ሲባዛ 1,200 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። ለአምፖል፣ ለስልክና ለጣሪያው ማራገቢያ ተርፎ ይፈሳል። እማዬ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ «ምጣድ ይችላል?» የአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ባትሪያችን እሺ ቢል እንኳ ሃያ ደቂቃ ያህል ቢያቆያት ነው። «ታዲያ ይሄ ምኑ መብራት ነው?» አለች። እንጀራው ከቤት ተጋግሮ እንዲሄድ፣ ወጡ በጋዝ ምድጃ እንዲሠራ ተስማማን።

አልጋውን ከጣውላ ሠራነው። ከፍታውን የለካነው በእማዬ ጉልበት ነው፤ ስትቀመጥ እግሯ መሬት እስኪነካ። በጎን በኩል መስኮት ቆርጠን አስገባን። (የተሳቢ ግድግዳ በመጋዝ መቅደድ የመጀመሪያው ቀን ያማል። በገንዘባችን ላይ ቀዳዳ የምናበጅ መሰለን።) ግድግዳው ላይ ፎም ሞልተን በስስ ኮምፔንሳቶ ሸፈንነው። ጣሪያውንም በብረቶቹ መሃል መሃል ፎም ሞላነው።

በጥቅምት መጀመሪያ ለሙከራ እዚያው ጓሮ ውስጥ ሦስታችንም አደርንባት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬ ቀሰቀሰችን። ነጠላዋ ላይ ውኃ እየተንጠባጠበ ነው። ጣሪያው አፈሰሰ ብለን በባትሪ ብርሃን ወጣን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ኮከብ የሞላበት ነው፤ ዝናብ የሚባል የለም። ለካ የሚንጠባጠበው የራሳችን ትንፋሽ ነው! ማታ ያበሰልንበት ጋዝም ሲነድ እንፋሎት ይለቃል። ሙቁ አየር ያልተሸፈኑትን የጣሪያ ብረቶች ሲነካ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። እኛ መሃል መሃሉን ሸፍነን ብረቶቹን ረስተናቸዋል።

እማዬ ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማናትም። «የፒያሳው ቤታችን ቆርቆሮ ንጋት ላይ እንዲህ ያደርግ አልነበር? አባታችሁ ምን አደረገ? ኮርኒስ ወጠረ!» አለች። በሚቀጥለው እሑድ ከብረቶቹ ሥር ሌላ ፎም አነጠፍን፤ በኮምፔንሳቶ ሸፈንነው፤ በላዩ ላይ እማዬ ራሷ የሰፋችውን አቡጀዲ ወጠርን። የጣሪያውን ማራገቢያና መስኮቱን ሁልጊዜ ገርበብ እናደርጋለን። ጋዝ የሚያበስል ሰው ይህን አይርሳ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወልም ሰቅለናል። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየንም።

አንድ ነገር ግን ዘግይቶ ነው የገባን። እማዬ ከመስኮቱ ሥር የተነሳችው ጉዞ ስንጀምር አልነበረም፤ ሥራ ስንጀምር ነው። ገና ከሐምሌ ጀምሮ እሑድ ጠዋት ከኛ ቀድማ ትለብሳለች። ጓሮው ዛፍ ሥር ጀበናዋን ታቀራርባለች፤ ትራፓኖ ስናስጮህ ፎርማን ሆና «ጠመመ!» ትላለች። የወዳጃችን ጎረቤት የሆኑ ኤልሳልቫዶራዊት አሮጊት በአጥሩ በኩል የቡናውን ሽታ ተከትለው መጡ። በሦስተኛው እሑድ የራሳቸውን ወንበር ይዘው ነበር። አንዳቸው ስፓኒሽ፣ አንዳቸው አማርኛ ሦስት ሲኒ ይጠጣሉ። ምን እንደሚያወሩ ዛሬም አናውቅም።

በጥቅምት አጋማሽ ወደ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። በተራራው አናት የሚሄደው መንገድ 169 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ከፍተኛው ቦታ 1,100 ሜትር ገደማ ነው ስንላት እማዬ «ታዲያ ይሄ ተራራ ነው? ቆላ ነው እኮ!» አለች። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ምን ይመለሳል?

ከፓርኩ መግቢያ አጠገብ ፎክስ ሆሎ የሚባል አጭር የእግር መንገድ አለ። ቀስ እያልን ሄድን። ጫካው መሃል የድንጋይ ክምርና ካብ፣ አለፍ ሲል ደግሞ ትንሽ መቃብር አገኘን። «ሰው ነበረበት?» አለችን። ጽሑፉን አንብበን ነገርናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ከመቋቋሙ በፊት እዚህ ተራራ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ግዛቱ መሬቱን ወስዶ ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። መሬት ያላቸው ካሳ ተከፈላቸው፤ ተከራዮቹ ምንም አላገኙም። ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ዕድሜያቸው እስኪያልቅ እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው።

እማዬ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ጎረቤቶቹን አንድ ላይ ነው የወሰዷቸው ወይስ በትነው?» አለች። የተወሰኑት በተሠራላቸው ሠፈር አንድ ላይ ገቡ፤ ሌሎቹ የትም ሄዱ አልናት። ካቡ ላይ እጇን አሳረፈች። ወደ መቃብሩ ዞራ «ነፍስ ይማር» ብላ ተመለሰች።

ያን ማታ ተሳቢዋ ውስጥ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ስለ ፒያሳ ማውራት ጀመረች። ከፈረሰ ወዲህ አንስታው አታውቅም ነበር። ከመግቢያው በግራ በኩል ጀምራ ማን የት ይኖር እንደነበር፣ የማን በር የት እንደሚከፈት፣ የማን ግድግዳ ከማን ጋር እንደሚጋራ አንድ በአንድ ቆጠረች። ዘጠኝ ቤት። እኛ ሁለቱን ረስተናቸው ኖሯል። ሲጨርስ ዝናብ መጣ። ዓይናችን ኮርኒሱ ላይ ነበር፤ ጠብ አላለም።

እማዬ በኅዳር መጨረሻ ተመለሰች። አጎታችን አሁንም አላመነበትም፤ እውነት ለመናገር ደብተሩን ስንከፍት እኛም እርግጠኛ አይደለንም። በጠቅላላው 5,100 ዶላር ገብቶበታል። በዚያ ገንዘብ አዲስ አበባ ምን እንደሚገዛና ምን እንደማይገዛ እናንተ ከኛ በላይ ታውቃላችሁ።

ባለፈው ስንደውል ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ቡና ላይ ናት፤ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። አንዷ ስልኩን ተቀብለው ደህንነታችንን ጠየቁ፤ ብርዱን ጠየቁ። ሦስተኛው መጣ፤ «ቤት ሠራችሁ ወይ?»

ኔትወርኩን ልናበላሸው ስንል ከኋላ የእማዬ ድምፅ ቀደመን።

«ሠርተዋል። እኔ ራሴ አድሬበታለሁ።»

ቸር እንሰንብት።