ይቅርታ የምጠይቀው አንድ ተማሪ አለኝ

ዛሬ ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። 11ኛ ክፍል ስለ ኮምፒውተር ክፍሎች እያስተማርኩ ነበር። እንደ ሁልጊዜው "ኮምፒውተር ሳይጠፋና ከሶኬት ሳይነቀል አይከፈትም" ብዬ ቦርዱ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ባንክና ቴሌ ራም ሲጨምሩ ሁሉን ነገር አጥፍተው ነው ወይ? ሳይጠፋ መጨመር አይቻልም?" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መልሱን አላውቀውም ነበር። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፣ የተማርኩትም በዴስክቶፕ ነው። ሰርቨር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን በተማሪ ፊት "አላውቅም" ማለት ከበደኝ። "አንተ ኩራዝ እየበራ ላምባ ትጨምርበታለህ እንዴ?" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ግን እጁን አላወጣም። ያኔ ልብ አላልኩትም፣ ኋላ ነው የገባኝ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሊኑክስ ልልመድ ብዬ አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ ጫንኩ። ሳነብ ሳነብ "ሆትፕለግ" የሚል ቃል አገኘሁ። ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ራም ወይም ፕሮሰሰር መጨመርና መቀነስ ማለት ነው። ደነገጥኩ። የዚያ ልጅ ጥያቄ ነዋ!

በቃ፣ እኔው እሞክረዋለሁ አልኩ። ላፕቶፑን ፈትቼ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ኪውኢሙ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያለ አስመስሎ ያሠራል። ቨርቹዋል ማሽን የምንለው ነው። ቢበላሽ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ሞከርኩ። አራት ኮር ሰጠሁትና ረጅም ስሌት አስጀመርኩት። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ኮር አንድ ፎልደር አለው፣ በአብዛኛዎቹ ውስጥ "ኦንላይን" የሚል ፋይል አለ። ፋይሉ ላይ 0 ስትጽፉ ኮሩ ያርፋል፣ 1 ስትጽፉ ወደ ሥራ ይመለሳል። ሦስቱን ተራ በተራ አሳረፍኳቸው። ስሌቱ ተንቀራፈፈ እንጂ አልቆመም። ለካ ኮሩ ከማረፉ በፊት ሥራው ወደ ሌሎቹ ይዛወራል።

ራሙ ግን አለፋኝ። ማሽኑን ስታስነሱት ገና ከመጀመሪያው "አሁን 1 ጊጋ አለህ፣ እስከ 4 ጊጋ ሊጨመርልህ ይችላል" ብላችሁ ካልነገራችሁት በኋላ አይቀበልም። ይህን ሳላውቅ አንድ ማታ ሙሉ ፈጀሁ። በማግሥቱ አስተካክዬ 1 ጊጋ ጨመርኩለት። ባየው አሁንም የሚያሳየው ያንኑ 1 ጊጋ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ራሙ ገብቷል፣ ግን አልተከፈተም። ሊኑክስ ራምን በብሎክ ይከፋፍላል፣ የእኔ ላይ አንዱ ብሎክ 128 ሜጋባይት ነበር። በራሱ የሚከፍት ሲስተም አለ፣ የእኔው ግን ካልታዘዘ አይከፍትም። ስምንቱንም ብሎክ ከፈትኳቸው፣ 2 ጊጋ ሆነ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ባለቤቴ "ምን ሆንክ?" እስክትለኝ ድረስ።

ቀጥሎ መቀነስ። ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ብሎክ እሺ ብሎ ወጣ፣ አንዳንዱ "ሥራ ላይ ነኝ" ብሎ እምቢ አለ። ለምን? ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ አውቶብስ አስቡ። መንገድ ላይ አንድ ወንበር ይነሳ ቢባል ረዳቱ ተሳፋሪውን "ወደዚያ ጠጋ በል" ብሎ ወንበሩን ባዶ ያደርጋል። የሾፌሩን ወንበር ግን ማን ያስለቅቃል? ራም ውስጥም እንዲሁ ነው። የፕሮግራሞች ዳታ ተሳፋሪ ነው፣ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነል የሚባለው፣ ለራሱ የያዘው ቦታ ግን በአብዛኛው አይነቃነቅም። ደስ ያለኝ ነገር እምቢ ሲል ማሽኑ አለመውደቁ ነው። "አይሆንም" ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ሊኑክስ ውስጥ ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ መሞከሪያዎችም አሉ። ኮርና ራም ያጠፋሉ፣ ያበራሉ። የራሙ መሞከሪያ ሆን ተብሎ ስህተት እንዲፈጠር አድርጎ ሲስተሙ እንዴት እንደሚወጣው ማየትም ይችላል። ሲሳካ ብቻ ሳይሆን ሳይሳካም ምን እንደሚሆን ይፈትናሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ልጁ ልክ ነበር። ለዚህ ተብለው የተሠሩ ትልልቅ ሰርቨሮች አሉ፣ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ደግሞ ይኸው እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። አደራ ግን፣ የቤታችሁን ዴስክቶፕ እየሠራ ራሙን እንዳትነኩት! ለዚያ አልተሠራም፣ ራሙም ማዘርቦርዱም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ቦርዱ ላይ የጻፍኩት ለትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ትክክል ነው። ስህተቱ ሳቁ ነው። ጥያቄው እኔን ፈተነኝ፣ እኔ ደግሞ "አላውቅም" ማለት አቅቶኝ ልጁን አስሳቅኩበት።

አሁን ክፍል ስገባ የቦርዱን የቀኝ ጥግ ባዶ እተዋለሁ። የማላውቀው ጥያቄ ሲመጣ እዚያ እጽፈዋለሁ፣ "አላውቅም፣ አይቼ እመጣለሁ" እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አፍሬ ነበር። ማንም ግን አልሳቀብኝም። እንዲያውም ጥያቄው በዝቶ ጥጉ አልበቃ ብሏል።

ልጁ አሁን ደምቢ ዶሎ ነው ብለውኛል። ስምህን አልጠራም፣ አንተ ታውቀዋለህ። ጥያቄህ ትክክል ነበር፣ መልሴ ነውር ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ። ነቀምቴ ከመጣህ ላፕቶፑን ከፍተን አብረን እንሞክረዋለን፣ ቡናው በእኔ ነው።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተስ እጁን ያስወረዳችሁት ተማሪ የለም?