የሞተር ሳይክል ባለቤትነት በአገር ቤትና በለንደን፦ ስለ ጥቃቅን ብልሽቶችና ስለ እንክብካቤ ልማድ

በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር ወይም በጅማ ለዕለት ምልልስ የሚያገለግለው ሞተር ሳይክልና በለንደን ጎዳናዎች ሠራተኛውን ወደ ሥራው፣ ምግብ አድራሹን ወደ ደንበኛው የሚወስደው ሞተር ሳይክል በመሠረታዊ አሠራራቸው እጅግ ይቀራረባሉ። ሁለቱም በአብዛኛው ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር ያላቸው ሲሆኑ፣ መጠናቸውም ከ100 እስከ 150 ሲሲ ይደርሳል፤ ሲሲ ማለት ፒስተኑ ከታችኛው ጫፍ ተነሥቶ እስከ ላይኛው ሲደርስ የሚጠርገው ቦታ በኩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲለካ ነው። ማሽኖቹ ይህን ያህል ቢመሳሰሉም የባለቤቶቹ ልማድ ግን በሰፊው ይለያያል፤ በአገር ቤት የሞተሩ ደኅንነት የሚታወቀው በመካኒኩ ጆሮና እጅ ሲሆን፣ በለንደን ደግሞ በቀጠሮ፣ በደብተርና በምርመራ ወረቀት ነው። ሁለቱም ልማዶች የየራሳቸው ጥቅም ቢኖራቸውም፣ ባለቤቱ ማሽኑን በገዛ ዓይኑ ከማየት እንዲዘናጋ ያደርጉታል፤ በሁለቱም ቦታ የሚታዩት ጥቃቅን ብልሽቶች አብዛኛዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ መዘናጋት ስለሆነ፣ መፍትሔው የአገር ቤቱን የእጅ ዕውቀትና የውጭውን የቀጠሮ ሥርዓት ያዋሐደ፣ ባለቤቱ ራሱ የሚፈጽመው የዘወትር ፍተሻ ነው።

ሰነዱ የሚናገረውና የማይናገረው

በኢትዮጵያ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሊብሬው ነው። ሊብሬ የባለቤቱን ስም፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር የያዘ የተሽከርካሪ መታወቂያ ደብተር በመሆኑ፣ ገዢው ቁጥሮቹ በማሽኑ ላይ ከተቀረጹት ጋር አንድ መሆናቸውን ሳያመሳክርና ውሉን ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ሳያስመዘግብ ገንዘቡን ቢከፍል፣ ኋላ ስም ለማዛወር ብዙ ሊንገላታ ይችላል። ከሊብሬው ቀጥሎ ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ ተሽከርካሪ የሚለጥፈው ቦሎና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ይመጣሉ፤ ይህ መድን ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚውል እንጂ የባለቤቱን ንብረት የሚጠግን አይደለም። በአዲስ አበባ ደግሞ የከተማዋ አስተዳደር በሰኔ 2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ ለሥራ የሚውሉት በፈቃድ እንዲንቀሳቀሱ ስለተደረገ፣ በዋና ከተማዋ ሞተር ለመያዝ የሚያስብ ሰው ከዋጋው በፊት ስለ ፈቃዱ መጠየቅ ይኖርበታል።

በብሪታንያ ያለው የምዝገባ ሰነድ የሚመሰክረው ተሽከርካሪውን በኃላፊነት የያዘው ማን እንደሆነ ብቻ ሲሆን፣ የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ በራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ስለዚህ ከአገር ቤት የሊብሬን ክብር ይዞ የሄደ ገዢ የክፍያ ደረሰኙንም አጥብቆ መያዝ ያስፈልገዋል። ጀማሪው ሲቢቲ የሚባለውን የግዴታ መሠረታዊ ሥልጠና ሲጨርስ፣ 17 ዓመት የሞላው ከሆነ፣ እስከ 125 ሲሲና እስከ 11 ኪሎ ዋት የሆነ ሞተር የተማሪ ምልክት ለጥፎ ለ2 ዓመት መንዳት ይችላል። ሞተሩ 3 ዓመት ሲሞላው ኤምኦቲ የሚባለው የደኅንነት ምርመራ ይጀምርና በየዓመቱ ይደገማል፤ ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ ፍሬንን፣ ጎማን፣ መብራትን፣ መሪንና የመሳሰሉትን የሚመለከት እንጂ የሞተሩን ውስጣዊ ሁኔታ፣ የማርሽ ሳጥኑንና ፍሪሲዮኑን የሚመረምር አይደለም፤ የሚመሰክረውም ምርመራው ስለተደረገበት ቀን ብቻ ነው። ቦሎ የለጠፈም ሆነ ኤምኦቲ ያለፈ ሞተር ለዓመቱ በሙሉ ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም በሁለቱም አገሮች የሚታይ ስሕተት ሲሆን፣ ወረቀቱ የሕግ ግዴታን የሚያሟላ እንጂ የባለቤቱን ትኩረት የሚተካ አይደለም።

ሞተሩ አልነሣ ሲል

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር እንዲነሣ ነዳጅ፣ አየርና የእሳት ብልጭታ በተገቢው መጠንና ጊዜ መገናኘት አለባቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በመሆኑም ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ የተመጠነ ካርቦሬተር፣ ማለትም ነዳጅን ከአየር ጋር የሚያዋሕደው ክፍል፣ በደጋ ላይ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር የበዛ ነዳጅ ይሰጣል። ምልክቶቹ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ከማርሚታ የሚወጣ ጥቁር ጭስ፣ የነዳጅ ፍጆታ መጨመርና ዳገት ላይ የሚደክም ጉልበት ሲሆኑ፣ ካንዴላው ብልጭታ የሚፈጥር ክፍል ስለሆነ ጥላሸቱ ሲበዛ ሞተሩ ጭራሹን አልነሣ ይላል። ጎበዝ የአገር ቤት መካኒክ ይህን ካንዴላውን አውጥቶ ከቀለሙ ብቻ ያነባል፤ ጤነኛው ቡናማ ሲሆን፣ ጥቁሩ ነዳጅ መብዛቱን፣ የነጣው ደግሞ ነዳጅ ማነሱን ወይም ሙቀት መብዛቱን ይጠቁማል። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር ሲወርድ ችግሩ ስለሚገለበጥ፣ ካርቦሬተሩ እንደገና መስተካከል ያስፈልገዋል።

በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚንም ሌላው የችግር ምንጭ ነው፤ ውኃ፣ አቧራ ወይም ሌላ ነዳጅ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል የካርቦሬተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ማደያው በራቀበት ወይም ሰልፉ በረዘመበት አካባቢ ከዚህ ማምለጥ ለብዙ ሰው ከባድ በመሆኑ፣ ነዳጁን በጥሩ ማጥለያ አሳልፎ መቅዳትና የካርቦሬተሩን ዝቃጭ በየጊዜው ማስወገድ ትልቅ ጉዳት ይከላከላል፤ የተቀላቀለ ነዳጅን ግን የትኛውም ማጥለያ እንደማያጠራው ማወቅ ተገቢ ነው።

በለንደን አብዛኞቹ አዳዲስ ሞተሮች ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚመጥኑ ስለሆኑ፣ ባለቤቱ ካርቦሬተር ፈትቶ ማጽዳት ቢችልም ዕውቀቱን የሚያውልበት ቦታ አያገኝም። በዚያ ቅዝቃዜው የባትሪውን አቅም ስለሚቀንስ፣ አጫጭር ጉዞዎችም ባትሪው በቂ ኃይል እንዲሞላ ስለማይፈቅዱ፣ የስርቆት ማንቂያው ደግሞ ቆሞ ሳለም ኃይል ስለሚወስድ፣ የክረምት ጠዋት ላይ አልነሣ ያለ ሞተር በብዛት የባትሪ ችግር ያለበት ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን ከ12.6 ቮልት በላይ ማሳየት፣ ሞተሩ እየሠራ ሲለካ ደግሞ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት፤ የመጀመሪያው ካነሰ ባትሪውን፣ ሁለተኛው ካነሰ ኃይል የሚያመነጨውንና የሚቆጣጠረውን ክፍል መጠርጠር ተገቢ ነው። በአገር ቤት ብዙ ሞተሮች በእግር ስለሚነሡ ባትሪው ቢደክምም ጉዞው አይቋረጥም፤ በዚሁ ምክንያት ግን የባትሪው ድካም ሳይታወቅ ይቆይና ጥሩምባና መብራት በጨለማ መንገድ ላይ ሲከዱ ይገለጣል።

ካቴና፣ ዘይትና ፍሪሲዮን

ካቴና፣ ማለትም ጉልበትን ከሞተሩ ወደ ኋላው ቸርኬ የሚያስተላልፈው ሰንሰለት፣ ከሁሉም ክፍሎች ይልቅ የባለቤቱን ቸልተኝነት ቶሎ የሚያጋልጥ ነው። በአገር ቤት የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ፣ በለንደን ደግሞ በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ካቴናውን ይበሉታል፤ ምክንያቱ ቢለያይም ፍቱን ሕክምናው አንድ ነው፤ ማጽዳት፣ ማለስለስና ውጥረቱን መለካት። ለብዙዎቹ የዕለት ሞተሮች ካቴናው በመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል መላላት ሲኖርበት፣ ትክክለኛው ልክ በእያንዳንዱ ሞተር መመሪያ ላይ ይገኛል። ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታዎችን ያበላሻል፤ የላላው ደግሞ ከጥርሱ ወጥቶ ቸርኬውን ሊቆልፍ ስለሚችል ለሕይወት ያሰጋል። ካቴናው ሲቀየር የፊትና የኋላ ጥርሶቹም አብረው መቀየራቸው ብክነት ቢመስልም፣ ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ ስለሚያስረጀው በመጨረሻ ወጪ ይቆጥባል።

ስለ ዘይት የሚነሣው ተደጋጋሚ ጥያቄ የመኪና ዘይት ለሞተር ሳይክል ይሆናል ወይ የሚል ነው። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል አንዱ ዘይት ሞተሩን፣ የማርሽ ሳጥኑንና በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን በአንድነት ያገለግላል፤ ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል ስለሆነ፣ ለመኪና ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ዘይቶች የያዙት መፋተግን የሚቀንስ ቅመም እንዲንሸራተት ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ይህ መንሸራተት መኖሩ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን ፍሪሲዮኑን ከማስፈታት በፊት የገመዱን ውጥረት ማየት ይቀድማል፤ የተወጠረ ገመድ ብቻውን ተመሳሳይ ምልክት ያሳያልና። ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለው ዘይት ለእንዲህ ያለው ፍሪሲዮን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚቀየርበት ርቀትም በየመመሪያው ይለያያል፤ አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነትና አጫጭር ጉዞ ርቀቱን ያሳጥሩታል።

ጎማና ፍሬን

በአገር ቤት ካላማዳሪ ያለው ጎማ በብዛት ስላለ በየመንገዱ ያለው ጎሚስታ በጥቂት ደቂቃ ለጥፎ ይመልሰዋል፤ ይህም በለንደን በቀላሉ የማይገኝ ታላቅ ምቾት ነው። ምቾቱ ግን ባለቤቱ የጎማውን ንፋስ የሚያስለካው ከፈነዳ በኋላ ብቻ እንዲሆን አድርጎታል፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ይሞቃል፣ ነዳጅ ያባክናል፣ መሪውንም ያከብዳል። ንፋስ መለካት ያለበት ጎማው ሳይሞቅ፣ ከጉዞ በፊት ሲሆን፣ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን የሚፈለገው መጠን ይጨምራል። የብሪታንያ ሕግ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር ሳይክል የጎማው ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዛል፤ የክረምት ዝናብ በሚያንሸራትታቸው የኢትዮጵያ ከተሞችም ይህን ልክ መጠበቅ ሕግ ቢያስገድድም ባያስገድድም ጠቃሚ ነው። የፍሬን ሸራ መሳሳትም በፔዳሉ መርዘምና በጩኸት አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ምልክቱን ሰምቶ ማለፍ ትንሹን ወጪ በትልቅ አደጋ መለወጥ ነው።

ከሁለቱ ልማዶች የሚወሰደው

የአገር ቤት መካኒክ አዲስ ዕቃ በማይገኝበት አሮጌውን የመጠገን፣ ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የመለየት ብቃት አለው፤ ይህ ዕውቀት የትም ቢሄድ የሚያኮራ ነው። ድክመቱ የሚጠራው ከተሰበረ በኋላ መሆኑና የሠራው ሥራ በጽሑፍ አለመቀመጡ ሲሆን፣ ሞተሩ ሲሸጥም ታሪኩ ከመካኒኩ ትዝታ ጋር ይቀራል። የለንደን ባለቤት በበኩሉ ማኅተም ያረፈበት የጥገና ደብተር ስላለው ሞተሩ በሽያጭ ጊዜ ዋጋው ይጠበቃል፤ ሆኖም የሠራተኛ ዋጋ ከፍተኛ በመሆኑ ጥገናውን የሚያዘገይ፣ ራሱም ካቴና ማስተካከል ያልለመደ ብዙ ነው።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ዘይቱን፣ ንፋሱን፣ ካቴናውን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱንና የላሉ ብሎኖችን ማየት፣ የተደረገውንም ከኪሎ ሜትሩ ጋር በተራ ደብተር ላይ መመዝገብ ለሁለቱም የሚጠቅም ልማድ ነው። ይህ በተለይ በውጭ ሆነው ለወንድም ወይም ለእኅት ልጅ መተዳደሪያ እንዲሆን ሞተር የሚገዙ ወገኖችን ይመለከታል፤ የሚላከው ገንዘብ የማሽኑን ዋጋ ብቻ ሸፍኖ ከቀረ፣ ተቀባዩ የመጀመሪያው ካቴና ሲያልቅ ወይም ሄልሜት ሳይኖረው ሲወድቅ ስጦታው ሸክም ይሆንበታል። ከመግዣው ገንዘብ ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን ጥሩ ሄልሜት፣ ለአንድ ዓመት ዘይትና ካቴና፣ እንዲሁም ታማኝ መካኒክ ዘንድ ለሚደረግ የመጀመሪያ ትምህርት የሚሆን ድርሻ አስቀድሞ መለየት፣ የሞተሩን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የነጂውንም ሕይወት መጠበቅ ነው።