የልጄ እትብት፤ ከኮቤ እስከ ጎጆ

«እትብቴ የተቀበረበት አገር» ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ እናንተም ሳትሉት አልቀራችሁም። የእኔ እትብት የተቀበረው በምዕራብ ሸዋ፣ በጀልዱ ወረዳ፣ ጎጆ በምትባለው ከተማ፣ ከእናቴ ቤት ጓሮ ካለ የእንሰት ተክል ሥር ነው። የልጄ እትብት ግን አልተቀበረም። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የአምቦን ዋና መንገድ ጊንጪ ላይ ትቼ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎጆ ዳገት ስወጣ፣ ልጄን ታቅፌ፣ እትብቷን ደግሞ በትንሽ የእንጨት ሣጥን አድርጌ በቦርሳዬ ይዤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ በ2009 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ጃፓን ሄደ፤ እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ተከተልሁት። የኖርነው ኮቤ በምትባለው የወደብ ከተማ ነው። ኮቤ ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር ያላት፣ በመካከል ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት።

ስለ ጃፓን አስቀድሞ የማውቀው ጥቂት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በልዩ መልእክተኛነት ወደዚያ ሄደው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ እንዳሳተሙ፣ አበበ ቢቂላም በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ እንዳሸነፈ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ነገር ግን ብላቴን ጌታ የመንግሥት እንግዳ ነበሩ፤ ቆሻሻ የሚጣልበትን ቀን የመጠየቅ ግዴታ አልነበረባቸውም። እኔ ግን ነበረብኝ።

በኮቤ ቆሻሻ እንደ ዓይነቱ ይለያል፤ የሚቃጠለው በአንድ ቀን፣ ጠርሙስና ቆርቆሮው በሌላ ቀን ይወጣል። ይህን ሳላውቅ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አስሬ ባወጣሁበት ጠዋት፣ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ተለጥፎበት እዚያው ቀረ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲያልፍ ያየዋል። ቤት መግቢያው ላይ ገንካን የምትባል ዝቅ ያለች ቦታ አለች፤ ጫማ እዚያ ይወልቃል። ለመጸዳጃ ቤት ደግሞ ሌላ ነጠላ ጫማ አለ። አንድ ቀን የባለቤቴ መምህር ጋብዘውን ከቤታቸው ሄደን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ነጠላ ጫማ እንዳደረግሁ ወደ ሳሎን ተመለስሁ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን ባለቤቴ በዓይኑ እግሬን ሲያሳየኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ይህ ሁሉ ቢያስቅም ቀላል ነው። የከበደኝ ዝምታው ነበር። በጎጆ አንዲት ሴት አዲስ ቤት ስትገባ ጎረቤቶቿ ዳቦ ጋግረው፣ ቡና አፍልተው ይመጣሉ። እኔም በኮቤ ቤቴን አሰናድቼ፣ የሚያንኳኳ ሰው ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፤ ማንም አልመጣም። በደረጃው ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። «እነዚህ ሰዎች ጠልተውኛል» ብዬ ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። እናቴም «አንቺስ ሄደሽ ነበር?» አለችኝ። አልሄድሁም ነበር።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ በጃፓን ልማዱ የእኛ ተቃራኒ ነው። አዲስ የገባው ሰው ራሱ ፎጣ ወይም ጣፋጭ የመሰለ ትንሽ ስጦታ ይዞ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል፤ ስሙን ይናገራል፤ «አደራችሁን» ይላል። እኔ እነሱን ስጠብቅ እነሱም እኔን ይጠብቁ ኖሯል።

ዘግይቼም ቢሆን ጣፋጭ ገዝቼ አጠገባችን የሚኖሩትን ባልቴት አንኳኳሁ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው በራና «አበበ!» አሉኝ። በልጅነታቸው ሩጫውን አይተው ኖሮ፣ አበበ ቢቂላ ሌሎቹ ገና ሳይደርሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ እንደነበር በእጃቸው እያሳዩ አጫወቱኝ። በጃፓን የኢትዮጵያ ቡና «ሞካ» እየተባለ ይሸጣል፤ እሳቸውም ሲጠጡት ኖረዋል፤ ሲቆላ ግን አይተው አያውቁም። ከአገር ቤት የመጣልኝን ጥሬ ቡና ልቆላላቸው ጠራኋቸው። ጭሱ ሲወጣ የቤቱ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ባልቴቷ ሮጠው መስኮት ከፈቱ፤ ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ጠጥተው ሄዱ።

ለምን ለጎረቤት ይህን ያህል እንደሚጨነቁ አንድ ቀን ነገሩኝ። በጥር ወር 1987 ዓ.ም. በኮቤና በአካባቢዋ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከ6,000 በላይ ሰው ሞቷል። በዚያ ማለዳ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት የወጡትን አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተ ሰብና ጎረቤት ነበሩ። «በየትኛው ክፍል እንደምትተኙ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋችኋል» አሉኝ።

በዚያ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርሁ። በጃፓን እርጉዝ ሴት ለማዘጋጃ ቤቱ ስታስታውቅ «ቦሺ ቴቾ» የሚባል የእናትና የሕፃን ጤና መዝገብ ይሰጣታል። ይህ መዝገብ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ የእርግዝናው ምርመራ፣ የወሊዱ ሁኔታ፣ የሕፃኑ ክብደትና ክትባት በአንድ ደብተር ይጻፍበታል። ደብተሩ የሚቀመጠው በእናትየዋ እጅ ነው። ከወለድሁ በኋላም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ቤቴ ድረስ መጥታ ልጄን መዘነችልኝ። የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አስታወሰችኝ።

ባልቴቷ ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ለምን ወደ እናትሽ ቤት አልሄድሽም?» ይሉኛል። ለካስ በእነሱም ዘንድ «ሳቶጋኤሪ» የሚባል ልማድ አለ፤ ልጅቱ ለመውለድ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች፤ ወር ያህልም እዚያ ትታረሳለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መውለድ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ሩቅ መሆኗን፣ የአውሮፕላኑም ዋጋ ከአቅማችን በላይ መሆኑን ስነግራቸው ዝም አሉ።

ልጄ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ተወለደች። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግሥት በሬ ተንኳኳ። ባልቴቷ ኦካዩ የሚባለውን የሩዝ ገንፎ በክዳን ሸፍነው ይዘው ገንካኗ ላይ ቆመዋል። ግቡ ብላቸው አልገቡም፤ አራስ ማረፍ አለባት ብለው ጎንበስ ብለው ሄዱ። በማግሥቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ። ጎጆ ቢሆን ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ፣ የገብስ ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ቀርቦ፣ እልልታው ይቀልጥ ነበር። አለመግባታቸው መጀመሪያ አስከፍቶኝ ነበር። በኋላ ግን እኔን ለማሳረፍ ሲሉ ራሳቸውን ከልጄ እንደ ከለከሉ ገባኝ።

ከሆስፒታሉ ስወጣ ከተሰጠኝ ዕቃ መካከል ያቺ ሣጥን ነበረች። ኪሪ ከሚባለው ቀላል እንጨት የተሠራች፣ የእናትና የልጅ ስም የተጻፈባት፣ የደረቀው የልጄ እትብት የተቀመጠባት። ጃፓኖች እትብትን በእንዲህ ያለ ሣጥን ያኖራሉ፤ እናትየዋ ጠብቃ፣ ልጇ አግብታ ከቤት ስትወጣ ትሰጣታለች። ባልቴቷ የራሳቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ከመንቀጥቀጡ ከተረፉላቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዷ ነበረች።

እንግዲህ ጎጆ የደረስሁት በዚህ ሐሳብ ነው። ጥቅምት ነበርና ገብሱ ቆሟል፤ ድንች እየተቆፈረ ነው፤ ጠዋቱ ያንዘፈዝፋል። እናቴ የልጅ ልጇን ስማ ከጠገበች በኋላ ሣጥኗን አወጣሁ። ከፍታ አየች። ከዚያ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ተመለከተች። ልትቀብረው እንደምትፈልግ ዐወቅሁ፤ እኔ ደግሞ መስጠት አልፈለግሁም። እምቢ ብላት የእናቴን ባህል ናቅሁ፤ ብሰጣት ደግሞ የዚያችን አገር አደራ በላሁ።

እናቴ በኦሮምኛ «አራስ ሆነሽ ማን አበላሽ?» ስትል ጠየቀችኝ። ስለ ባልቴቷ ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና «አራስሽን ያበላች ዘመድ ናት። በዘመድ ባህል የተቀመጠውን አልቀብርም» አለች። ነገር ግን ሣጥኗን አልመለሰችልኝም። የጋብቻ ነጠላዋንና የቤቱን ካርታ ወደምታኖርበት ትልቅ ሣጥን ወስዳ ቆለፈችበት። «ስታድግ ራሷ መጥታ ትውሰደው» አለችኝ። በዚያው ቀን ለልጄ አንዲት እንስት በግ ሰጠቻት። ይህ ስጦታ በኦሮሞ ባህል ሀንዱራ ይባላል፤ ቃሉ እትብት ማለትም ነው። በጓ እናቴ ዘንድ ትረባለች፤ ርቢው የልጄ ነው።

ልጄ አሁን ፊደል ለይታ ማንበብ ጀምራለች። ጎጆ ስላለችው ሣጥኗም፣ ስለ በጎቿም ትጠይቀኛለች።

እኅቶቼ፤ ይህን የጻፍሁት የጃፓንን ልማድ እንድትከተሉ አይደለም። እኔም ዛሬ በአዲስ አበባ የምኖረው በኮንዶሚኒየም ነው፤ የእኛም በር እንደ ኮቤው መዘጋት ከጀመረ ሰንብቷል። ሰሞኑን ከፎቃችሁ አዲስ ጎረቤት ገብታ እንደሆነ፣ ከሌላ ክፍለ አገር ወይም ከሌላ አገር የመጣች ብትሆን፣ ሰው እስኪመጣላት እየጠበቀች ይሆናል። ምናልባትም በባህሏ መምጣት ያለባት እሷ ሆና፣ በራችሁን ማንኳኳት ፈርታ ይሆናል። ማን መቅደም እንዳለበት እስኪታወቅ ድረስ ቡናው ይቆላ።