የመካኒሳ ጎመን

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ድልድይ ላይ ቆሞ ትንሹ አቃቂን ቁልቁል የሚያይ ሰው መጀመሪያ እጁን ወደ አፍንጫው ይልካል። ውኃው ጠቁሯል፤ አረፋ ተሸክሞ ይሄዳል። ዓይን ከውኃው ትንሽ ከፍ ሲል ግን የለመለመ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በመደብ በመደብ ተዘርግቶ ያያል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ስወርድ ገበሬዎቹ በሞተር ከወንዙ ውኃ እየሳቡ ያጠጡ ነበር። እዚህ አትክልት ማልማት የቆየ ሙያ ነው፤ ከአባት የተረከቡት ብዙ ናቸው።

ወንዙ ከወጨጫ ተራራ ሲነሣ እንዲህ አይደለም። አባ ሳሙኤል ግድብ እስኪደርስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የፋብሪካውን ፍሳሽ፣ የጋራዡን ዘይት፣ የየሰፈሩን የመጸዳጃ ቤት ቱቦ እየተቀበለ ይወርዳል። ከዚያ አዋሽ ይቀበለዋል። ከእኛ በታችም ሰው አለ።

ለወላጅ የሚከብደው ግን ቅጠሉ ነው። ተመራማሪዎች ለዓመታት ባደረጓቸው ጥናቶች በአቃቂ ውኃ በለማ አትክልት ውስጥ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም አግኝተዋል። እናቶቻችን ያስተማሩን በኮምጣጤ መዘፍዘፍና አብስሎ መብላት ጀርምንና የወስፋትን ዕንቁላል ለመከላከል ይረዳል፤ ያንን አንተው። ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ብረት ግን እጥበትም እሳትም አያወጣውም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከቲማቲምና ከዱባ ይልቅ ብዙ ይሰበስባል። እርሳስ በተለይ የሚጎዳው እያደገ ያለ አእምሮን ነው፤ በጾም ወቅት ከጎመኑ አብሮን የሚጎርሰው የልጅ ልጅ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል።

መንግሥት ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ተብሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከተማው ወንዝ የሚበክለውን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። መናፈሻውን እኔም እወደዋለሁ፤ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ሣር ውኃ አያጠራም። ቱቦው ሳይዘጋ ገበሬው ብቻ ከተነሣ ወንዙ ያው ወንዝ ነው፤ ጎመኑም በዚያው ውኃ ሌላ ቦታ ይበቅላል።

ሌላም ነገር አለ። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሲቀር ይቀራል፣ ሲመጣ በአንድ ከሰዓት ዶፉን ያወርደዋል። ጣሪያ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ያንን ዶፍ ሳይውጡ ወደ ወንዝ ይለቁታል፤ የጎመኑ ማሳ ግን ይጠጣል። ከጀሞ እስከ ላፍቶ እንዲህ ክፍት ሆኖ የቀረ አፈር ጥቂት ነው። ስለዚህ ማሳው እዚያው ይቆይ፣ ገበሬውም ይቆይ፣ ውኃው ይጽዳ ባይ ነኝ። ውኃው እስኪጸዳም የጉድጓድ ውኃ ይሰጣቸው፤ ወይም ለምግብ የማይውል የአበባና የዛፍ ችግኝ እያፈሉ ይሽጡ። ችግኝ በየክረምቱ የሚፈልግ ከተማ ነው ያለን።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ጎመን የሚሸጡ ሦስት ሴቶች ዘንድ ቆምኩ። «ከየት የመጣ ነው?» ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው።

«ከሰበታ ነው፣ ንጹሕ ነው» አሉኝ ሦስቱም። የመካኒሳ ነው ያለችኝ አልነበረችም።