«ማን ላከህ?» የሚል ሰርቨር

እኛ አገር ማህተም የሌለው ደብዳቤ ወረቀት ነው። ቀበሌ ሂዱ፣ ወረዳ ሂዱ፣ ዞን ሂዱ፤ ከጽሑፉ ቀድሞ የሚታየው ከሥር ያለው ክብ ማህተም ነው። ቁጥር አለው? ቀን አለው? ማን ፈረመበት? ወረቀትን እንዲህ የምናፋጥጥ ሰዎች ኢሜይል ሲመጣ ግን ጥያቄያችንን ሁሉ ረስተን ቁጭ!

መቱ ላይ ይህ የቅንጦት ወሬ አይደለም። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ለተቀመጠ የመቱ ተመራቂ፣ ጎሬ ወይም ያዮ ላለ ሥራ ፈላጊ፣ በደሌ ላለችውም (ዛሬ ከተማዋ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር ብትሆንም) የስኮላርሺፕና የሥራ ጥሪ የሚመጣው በኢሜይል ነው። «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ አውቶቡስ መሳፈር የመንገድ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለበት። የምናውቃት አንዲት ልጅ የቃለ መጠይቅ ጥሪዋን ያገኘችው ቀኑ ካለፈ ከአራት ቀን በኋላ፣ ስፓም ውስጥ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ «ዲቪ ደርሶሻል፣ ገንዘብ ላኪ» የሚል መልእክት ከላይ ተደላድሎ ተቀምጦላት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከዲቪ 2012 ጀምሮ ዕጣ የደረሰውን ሰው በኢሜይል አላበሰረም፤ ውጤቱ የሚታየው በራሱ ድረ ገጽ ብቻ ነበር። ውሸታሙ ከላይ፣ እውነተኛው ከታች። ይሄ ነው የሚያንገበግበው።

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን «ምንጩ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ የሚል ነው። እናም ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «የምንልከው አይደርስም፣ የማንፈልገው ግን ይጎርፍብናል» ሲል ከኮምፒውተር ባለሙያው ጎን ወንበር ስበን ተቀመጥን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ሥሩ እ.ኤ.አ. 1982 ላይ ነው። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚጓዝበት ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ የሚባለው፣ በዚያ ዓመት ሲወጣ ተጠቃሚዎቹ ጥቂትና የሚተዋወቁ ነበሩ። ስለዚህ «ላኪው ነኝ ያልከው በእርግጥ አንተ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ፖስታው ላይ አንድ ስም፣ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ላይ ሌላ ስም ቢጻፍ ደንቡ አይከለክልም። ተቀባዩ የሚያየው ደግሞ የውስጡን ነው። የጅምላ ማስታወቂያውማ ከደንቡም ይቀድማል፤ አንድ የኮምፒውተር ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች የላከው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ስናይ ያገኘነው የመጀመሪያው ነገር የማህተም እጦት ነው። ኤስፒኤፍ የሚባለው «በእኛ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» ብሎ ለዓለም የሚለጠፍ ዝርዝር ነው። ዲኪም እያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚያርፍ ማህተም ነው፤ መንገድ ላይ ጽሑፉ ከተነካ ማህተሙ ይፈርሳል። ዲማርክ ደግሞ «ከሁለቱ አንዱም ካልተሟላ እንዲህ አድርጉት» የሚል መመሪያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሦስቱም አልነበሩትም። ጉግልና ያሁ ደግሞ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጅምላ የሚልክን ሰው ሦስቱንም ይጠይቃሉ፤ ጥቂት የሚልከውም ቢያንስ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም አንዱ ሊኖረው ይገባል። ታዲያ ደብዳቤው ስፓም ውስጥ ቢወረወር ይገርማል?

ሁለተኛው ይብሳል። ከበር ላይ የቆመው ማጣሪያ ውስጥ ማን እንደሚሠራ አያውቅም። «ለአቶ እገሌ» ያለውን ሁሉ፣ እገሌ የሚባል ሰው ኖረም አልኖረም፣ ግባ ይላል። ከገባ በኋላ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብሎ ለላኪው ይመልሳል። ላኪው ግን የተሰረቀ ስም ነው! ምላሹ የሚደርሰው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ሲደጋገም መሥሪያ ቤቱ ራሱ አይፈለጌ መልእክት ላኪ ተብሎ ጥቁር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መድኃኒቱ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ለዘበኛው መስጠት ነው፤ የሌለ ስም የጠራን በሩ ላይ «550» ብሎ መመለስ። የላኪዎችን አድራሻ በሙሉ ወደየሰርቨራቸው እየደወሉ ማጣራት ግን አይመከርም፤ ያኔ ደግሞ ሰላይ ያስመስላል።

ሦስተኛው አሳቀን። ግራጫ መዝገብ የሚባል ዘዴ አለ፤ የማያውቀውን ላኪ «ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል። አዎ፣ የእኛው የቢሮ ቋንቋ! ደንብ የሚያከብር ሰርቨር ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፤ ሚሊዮን መልእክት የሚረጨው አታላይ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። በነገራችን ላይ ይህ ትዕግሥት መብራት ለሚቆራረጥበት ከተማ ጥሩ ዜና ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ቢያድር ላኪው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ የሚባለው ፕሮግራም ካልነካኩት እስከ 5 ቀን አይሰለችም።

ባለሙያው ሦስቱን መዝገቦች ጻፈ፣ ለዘበኛው ዝርዝሩን ሰጠ፣ ዲማርክን ግን መጀመሪያ «ተመልከት፣ አትከልክል» በሚለው ላይ ተወው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ሳያዩ ቢዘጉት የራስን ደብዳቤ መመለስ አለ። በሳምንቱ ከጥቁር መዝገብም ወጡ።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ማህተም ማንነትን እንጂ ታማኝነትን አያረጋግጥም። አታላይም የራሱን ስም አስመዝግቦ አሳምሮ ማህተም መምታት ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ «ማን ላከህ?» ካለ በኋላ «ምን ፈልጎ?» የሚለው ጥያቄ የእኛ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መሥሪያ ቤቶቻችን የድርሻቸውን ይሥሩ። ደብዳቤያቸው አናት ላይ ማንም በነጻ የሚከፍተውን የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ የሚያትሙ ስንት ናቸው? ከዚያ አድራሻ ጎን አንዲት ፊደል ቀይሮ ተመሳሳይ ለመክፈት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለክቡ ማህተም ቁልፍ ያለው መሳቢያ ተሰጥቶታል። ለኢሜይሉስ? የመቱው ተመራቂ ስፓሙን በየማለዳው እየበረበረ መኖር የለበትም።