ጥፋቱ የሾኩ አልነበረም

ታላቅ ወንድሜ ከኮሎራዶ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ የተራራ ብስክሌቱን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። ከእንጦጦ ስወርድ ጉድጓድ ባገኘሁ ቁጥር የኋላው ሾክ «ቋ!» እያለ ወገቤን ፈጀው። አንድ ቀን ጭራሽ ወረወረኝ። ተናድጄ ደወልኩና «አሮጌ ዕቃ ጣልክብኝ አይደል?» አልኩት። ሁለት ወር ተኮራረፍን።

አዲስ ሾክ እንዲገጥምልኝ የሄድኩበት ባለሙያ ከብሬ በፊት ኪሎዬን ጠየቀኝ። «92።» «ወንድምህስ?» «ቢበዛ 65።» ሳቀብኝ። ለካ የአየር ሾክ የሚነፋው በነጂው ክብደት ልክ ኖሯል!

እርስዎም ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። ሾኩ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት እስከ ማሸጊያው ይግፏት። ቦርሳዎን እንዳዘሉ፣ ግድግዳ ተደግፈው ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ ሳይነጥሩ ይውረዱ። ቀለበቷ የተጓዘችው ሾኩ መግባት ከሚችለው ርዝመት ከ25 እስከ 30 በመቶ ከሆነ ደህና ነው። የእኔ 55 ሚሊ ሜትር ስለሚገባ 15 ያህል ይበቃው ነበር፤ 26 ሆኖ ተገኘ! አየር የሚጨመረው በራሱ በሾክ መንፊያ ነው፤ ጎሚስታ ቤት አይሂዱ። ጉድጓድ ካለፉ በኋላ ሽቅብ የሚያነጥርዎ ከሆነ አመላለሱን የምታዘገየውን ቁልፍ ጥቂት ያዙሯት። መለወጥ የግድ ከሆነም ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለው ርዝመትና የሚገባበት ልክ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ በመልኩ አይታለሉ።

እኔ ማታውኑ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አየሩን ጨመርክ?»

«ጨመርኩ።»

«እንግዲያው አንተ ደግሞ ትንሽ ቀንስ!»